ክርክር፦ እምቦጭን የሰው ምሳሌ ማድረግ ተገቢ ነው?

አስተባባሪ፦ ጤና ይስጥልን። እዚህ ባህር ዳር ያለን የንባብ ጓደኞች የአንድ ወንድማችንን የፋንታሲ ልቦለድ ረቂቅ አንብበናል። ታሪኩ ባጭሩ፦ ጣና የምትናገር ንግሥት ናት። ሐምራዊ አበባ የደፋ እንግዳ ወደ ግዛቷ ይገባል። ያየው ሁሉ ያደንቀዋል። ውሎ አድሮ ውኃውን ሸፍኖ ዓሣውን ያፍናል። መጨረሻ ላይ ሕዝቡ ተባብሮ ይነቅለዋል። እንግዳው ጣናን የወረረው የውኃ አረም፣ እምቦጭ፣ መሆኑ ግልጽ ነው። ግን ሰውም ነው። እንዲህ መጻፍ ያስኬዳል?

የሽምብጥ ልጅ፦ እንዴታ! ፊት ለፊት መናገር ሲያስፈራ በተረት መናገር እኮ የኖርንበት ነው። የአቸፈሩ አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም»ን ሲያወጣ ማንን አናገረ? ማኅፀን ውስጥ ሆኖ አልወለድም ብሎ የሚሟገት ጽንስ። ከዚህ በላይ ፋንታሲ ከየት ይምጣ? መጽሐፉ ታገደ። ተራ ተረት ቢሆን ማን ይፈራው ነበር?

ዘጌ ማዶ፦ እሱ ሌላ ነው ወንድሜ። አቤ የተሟገተው ከጉልበተኛው ጋር ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም በ«ፋቡላ» ቴአትራቸው አውሬዎችን ሲያናግሩ የነኩት ሹማምንቱን ነው። ንግሥት ዘውዲቱ ቴአትር የከለከሉት ያኔ ነው። አረም ግን ይነቀላል፣ ይቃጠላል። በዚህ ዘመን ሰውን በአረም መመሰል ያስፈራኛል።

ደራሲው፦ እኔ የማንንም ስም አልጠራሁም።

ዘጌ ማዶ፦ ችግሩ እሱ አይደል? ስም ስላልጠራህ ሁሉም የጠላውን ይሞላበታል። እኛው እንኳ እንግዳው ማን እንደሆነ ስንገምት አልተስማማንም። የተስማማነው መነቀሉ ላይ ብቻ ነው።

የቀድሞ ቆሎ ተማሪ፦ ቅኔ ቤት ሰሙ ብቻውን ካልቆመ ወርቁ ምንም ቢያምር መምህሩ አይቀበልም። እዚህ ረቂቅ ላይ የሚያነክሰው ሰሙ ነው። እምቦጭ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ እውነት እንግዳ ነው። የሚያወፍረው ግን ምንድን ነው? ከማሳ ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያና ከከተማ የሚወርደው ፍሳሽ። ከኛም ከተማ ጭምር። ረቂቁ ውስጥ ስለዚህ አንድ መስመር የለም። ንግሥቲቱ ንጹሕ፣ ሕዝቡ ንጹሕ፣ ጥፋተኛው እንግዳው ብቻ! ደግሞ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል። «ነቀሉት፣ አበቃ» የሚለውን ጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ቢያነበው ይስቅብናል።

የሽምብጥ ልጅ፦ ጋሼ፣ ልቦለድ ነው እኮ! የግብርና ሪፖርት አደረጉት።

የቀድሞ ቆሎ ተማሪ፦ ሪፖርት አላልኩም ልጄ። ቀን ቀን የሚነቅለው ሕዝብ ማታ ማታ ራሱ ሲመግበው ብናይስ? ያ ፋንታሲ አይሆንም? ያኔ አንባቢው ጎረቤቱን ከመጠርጠሩ በፊት የራሱን እጅ ያያል።

ዘጌ ማዶ፦ እንዲህ ከሆነ በግማሽ እስማማለሁ። ግማሹ ይቀረኛል። እንግዳው በመጽሐፉ ሙሉ አንዴም አፉን አይከፍትም። ሐይቅ የምትናገርበት ዓለም ውስጥ እሱን ብቻ ዲዳ ያደረግከው ለምንድን ነው?

ደራሲው፦ መጨረሻውን አልቀይርም። ሰው ወገቡ ድረስ ውኃ ገብቶ ሲነቅል በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያ ይቆያል። የማታውን ነገር ግን ልሞክረው። ስለ መናገሩ… እንጃ። ከተናገረ ያሳዝናል ብዬ ነው የፈራሁት።

ዘጌ ማዶ፦ ያሳዝና!

የሽምብጥ ልጅ፦ አበላሻችሁት። በቃ፣ ሊጽፍ ቁጭ ሲል የሁላችንም ድምፅ ጆሮው ውስጥ ነው።