ኪው፣ ኤ፣ ዜድ እና 1 አንድ ላይ አልሰራ አሉ፤ ኪቦርድ ልቀይር?

ወሎዬዋ (ኮምቦልቻ)
ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፑ ኤችፒ ነው፣ ዊንዶውስ 10። ከላይ ያልኳቸው አራት ቁልፎች ድንገት ቆሙ፣ የቀሩት ደህና ናቸው። አማርኛ የምጽፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ድምፅ (ለምሳሌ «ቀ»ን በኪው፣ «ዘ»ን በዜድ) ስለሆነ «ቀ»ም «ዘ»ም የለኝም፣ ራብዕ ፊደል ጨርሶ አይወጣም። ውሃም ሻይም አልፈሰሰበትም። በቅርቡ ፋኑን አስጠርጌው ነበር። ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ተጭኖም ያው ነው። ደሴ ፒያሳ ያሳየሁት ሱቅ ኪቦርዱ ይቀየር ይላል። ገንዘብ ሳላወጣ ምን ልፈትሽ?

ጦሳ (ደሴ)
አብሽሪ እህት፣ ገና አትግዢ። ኪቦርድ ላይ ለእያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ መስመር የለውም፤ ብዙ ቁልፎች አንድ መስመር ይጋራሉ። ኪው፣ ኤ፣ ዜድ እና 1 ጎረቤታሞች ስለሆኑ በብዙ ኪቦርድ ላይ መስመራቸው አንድ ነው። አራቱም አብረው ከጠፉ የተቋረጠው መስመሩ ነው ማለት ነው፤ ቁልፍ እየነቀሉ ማጽዳት ለዚህ ምንም አይፈይድም።

መጀመሪያ ከዊንዶውስ ውጭ ፈትሺው። ላፕቶፑን ስታበሪ ኢስኬፕን ደጋግመሽ ተጫኚ፣ ከሚመጣው ዝርዝር ኤፍ 2ን ምረጪ፤ አብዛኛው ኤችፒ እዚያ ውስጥ የኪቦርድ መፈተሻ አለው። እዚያም ካልሰሩ ችግሩ የሶፍትዌር አይደለም።

ፋኑ ተጠርጓል ካልሽ እኔ የምጠረጥረው ፍላት ኬብሉን ነው። ቻርጀሩን ንቀይ፣ የስር ክዳኑን ክፈቺ፣ ከሁሉ በፊት የባትሪውን ሶኬት አላቅቂ። ከኪቦርዱ መጥቶ ማዘርቦርዱ ላይ የሚገባውን ሰፊና ስስ ኬብል ታገኛለሽ። የሚይዘው መቆለፊያ በጣም ቀጭን ፕላስቲክ ነው፤ አንዳንዱ በጥፍር ወደ ላይ ይነሳል፣ አንዳንዱ ወደ ውጭ ይንሸራተታል። በግድ ካነሳሽው ይሰበራል፣ ከተሰበረ ደግሞ ጣጣው ከኪቦርዱ ይብሳል። ኬብሉ ጠምዘዝ ብሎ ከገባ የዳር ፒኖቹ (የብረት መነካኪያዎቹ) አይነኩም፤ ልክ እንዳንቺው የተወሰኑ ቁልፎች ብቻ ይጠፋሉ። አውጥተሽ ጫፉን ጥረጊ፣ ቀጥ አድርገሽ መልሺ፣ ከዚያ ቆልፊው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
ጦሳ ባለው ላይ ልጨምር። መጥረጊያው አይሶፕሮፒል አልኮል ይሁን፣ ከ90 በመቶ በላይ ያለው። የፋርማሲው 70 በመቶ ቀሪው ውሃ ነው፤ ሌላ ከጠፋ ተጠቀሚበት፣ ግን በደንብ ሳይደርቅ ባትሪውን አትመልሺ። ቲነር የሚሰጥሽ ባለሙያ ካለ እምቢ በይ፣ ፕላስቲኩን ያሟሟዋል።

ክዳኑ ተከፍቶ እያለ ባትሪውንም እዪ። ካበጠ ኪቦርዱን ከስር እየገፋ ቁልፍ ያበላሻል፤ ያበጠ ባትሪ ደግሞ አይጫኑትም፣ አይወጉትም፣ ቻርጅም አያደርጉትም።

ምናልባት መግዛት ግድ ከሆነ በላፕቶፑ ስም ብቻ አትግዢ። ኪቦርዱ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን የፓርት ቁጥር፣ የኬብሉን ቦታና የፒን ብዛት፣ የኢንተር ቁልፉን ቅርጽ አስተያዪ። መብራት ያለው ከሆነ ሌላ ትንሽ ኬብል ይኖረዋል። አንዳንዱ ሞዴል በብሎን ሳይሆን በቀለጠ ፕላስቲክ ስለሚያያዝ ከነላይኛው ክዳኑ ነው የሚቀየረው፤ ዋጋ ስትነጋገሪ ይህን ቀድመሽ ጠይቂ።

ወሎዬዋ (ኮምቦልቻ)
ኤፍ 2 ላይም አልሰሩም ነበር። ኬብሉ በእርግጥም ጠምዘዝ ብሎ ነበር የገባው። ቀጥ ሲል ኪው፣ ኤ እና 1 ተመለሱ። ዜድ ግን ጠንክሬ ስጫነው ብቻ ነው የሚጽፈው። ባትሪው ደህና ነው።

ጦሳ (ደሴ)
ሦስቱ ከተመለሱ መስመሩ ተስተካክሏል። ዜድ የራሱ ችግር አለው፣ የቁልፍ ማጽዳት ጊዜው አሁን ነው። ላፕቶፑ ጠፍቶ ጥፍርሽን ከአንዱ ጥግ ስር አስገቢና ቀስ አድርገሽ አንሺው፤ እምቢ ካለ በሌላው ጥግ ሞክሪ። ከስሩ እንደ መቀስ የተጣመሩ ሁለት ስስ ፕላስቲኮች አሉ፣ መሃላቸው ላይ ትንሽ ጎማ። ጎማውን አትንቀይው። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አውጪ፣ ዙሪያውን አልኮል በነካ የጆሮ ጥጥ ጥረጊ፣ ሲደርቅ የቁልፉን ክዳን ጠቅ እስኪል ተጫኚው። ጎማው ተቀድዶ ወይም ጠፍጣፋ ሆኖ ካገኘሽው ጽዳት አይመልሰውም። እስኪቀየር ድረስ ፓወርቶይስ በሚባለው የማይክሮሶፍት ነጻ ፕሮግራም የማትጠቀሚበት ሌላ ቁልፍ ዜድን እንዲጽፍ አድርጊው፤ «ዘ»ን በዚያ ትጽፊያለሽ።