አስቸኳይ፦ ናኖው ፕሮግራም አልቀበል አለኝ፣ ጫጩቶቹ ነገ ጠዋት ይገባሉ

የሱሉልታ ዶሮ
እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ነገ ጠዋት የአንድ ቀን ጫጩት ይገባል፣ የማሞቂያው መቆጣጠሪያ ግን ፕሮግራም አልቀበል ብሏል። ቦርዱ አርዱይኖ ናኖ ነው፣ ሲኤች340 (ዩኤስቢውን ከቺፑ ጋር የሚያገናኘው) ያለበት ርካሹ። ኮዱ በሲ ነው፣ የምሠራው በሜክፋይል (ለሜክ ትእዛዞች የሚጻፉበት ፋይል) ነው፣ ላፕቶፑ ኡቡንቱ ነው። ሜክ ስል ያለምንም ስህተት ያልፋል፣ ቦርዱ ላይ የሚጫነው ሄክስ ፋይልም ይወጣል። ሜክ ፍላሽ ስል ፕሮግራሙን ቦርዱ ላይ የሚጭነው ኤቪአርዱድ «ኖት ኢን ሲንክ፣ ሬስፕ 0ኤክስ00» እያለ 10 ጊዜ ሞክሮ ያቆማል። ባለፈው ሳምንት በዚሁ ኬብል፣ በዚሁ ላፕቶፕ ይጭን ነበር። ከዚያ ወዲህ የጨመርኩት ሙቀቱ ሲወርድ በስልክ መልእክት እንዲልክ ብቻ ነው። መብራት ሳይሄድ መጨረስ አለብኝ።

የኮዬ ልጅ
ባውዱን (የመላኪያ ፍጥነቱን) 57600 አድርገው። ከርካሾቹ ናኖዎች ብዙዎቹ የድሮው ቡትሎደር (ቺፑ ውስጥ ሆኖ አዲስ ፕሮግራም የሚቀበለው) ነው ያለባቸው። 115200 የሚፈልገው አዲሱ ቡትሎደር፣ ኦፕቲቡት ነው። ሜክፋይሉ ውስጥ ኤቪአርዱድ በሚጠራበት መስመር ከሰረዝ ትንሹ ቢ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ቀይረው።

መምህር ሬጅስተር
ስለ ቦርዱ ከማውራታችን በፊት ሜክፋይሉ ራሱ ይታይ። ብዙ ሰው ከቴሌግራም ይገለብጥና ታቡ ወደ ባዶ ቦታ ይቀየርበታል፤ ያኔ ሜክ «ሚሲንግ ሴፓሬተር» ይላል። የአንተ ስላለፈ እሱ አይደለም። ግን እነዚህን ተመልከት። ሰረዝ ኤምኤምሲዩ (የቺፑን ዓይነት የሚናገረው) ኮምፓይል ሲደረግ ብቻ ሳይሆን ሲያያዝም መኖር አለበት። ከሌለ የቺፑ ማስጀመሪያ ኮድና የኢንተራፕት ሰንጠረዥ ትክክለኛው አይገባም፤ ፕሮግራሙ ይጫናል እንጂ አይሠራም። ኤፍ-ሲፒዩን (የቺፑን የክሎክ ፍጥነት) ሜክፋይሉ ውስጥ ከ8 ወደ 16 ሚሊዮን ብትቀይር ሜክ የሚያየው የሲ ፋይሉን ሰዓት ስለሆነ እንደገና አይሠራውም፤ መጀመሪያ ሜክ ክሊን በል። ሄደር ፋይል ስትቀይርም እንደዚያው ነው፣ ሄደሮቹን የሚያስከታትለውን ሰረዝ ኤምኤምዲን ካልጨመርክ በስተቀር። ደግሞ ፎልደሩ ውስጥ ፍላሽ የሚባል ፋይል ካለ ሜክ «አፕ ቱ ዴት» ብሎ ዝም ይላል፤ ፍላሽንና ክሊንን ፎኒ (የፋይል ስም ያልሆኑ) ብለህ አውጃቸው። ይህን ሁሉ ያላስተካከለ ሰው ችግሩን ቦርዱ ላይ ያላክካል።

ገላን07
57600 ሞክር። ናኖ ላይ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ባለ መብራት
መቆጣጠሪያው እስኪስተካከል ጫጩቶቹን ላፕቶፑ ላይ አሰልፋቸው፣ ኡቡንቱ ሲያድስ በደንብ ይሞቃል።

ለገጣፎ እርባታ
ወንድሜ፣ ለጫጩት ለምን ፕሮግራም? ደብሊው1209 የሚባለው ትንሽ ቴርሞስታት በ12 ቮልት ይሠራል፣ ከዜሮ በታች ከ50 ዲግሪ እስከ 110 ዲግሪ ይለካል፣ ሪሌዩም ላዩ ላይ ነው። በሦስት ቁልፍ አስተካክለህ ትጨርሳለህ። የመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነስክ። ሕይወት ያለው ነገር ነገ እየገባ ዛሬ ማታ ኮድ መቀየር ልክ አይደለም።

የሱሉልታ ዶሮ
57600ም 115200ም ሞከርኩ፣ ያው ነው። ቴርሞስታቱን አውቀዋለሁ ጋሼ፣ ግን ስልክ ላይ አያሳውቅም፤ መብራት ሌሊት ሄዶ ሲመጣ ማወቅ አለብኝ። ቦርዱ ተቃጥሎ ይሆን?

ቢሾፍቱ መንገድ
ባለፈው ሳምንት ከጫነ ባውዱ አልተለወጠም፤ እሱን ተዉት። ጠያቂው የጨመረውን ነው ማየት ያለብን። የስልክ ሞጁሉ የገባው የትኛው ፒን ላይ ነው? 0 እና 1 ላይ ከሆነ ነቅለህ እንደገና ጫን።

ገላን07
የድሮው ቡትሎደር 57600 ነው የሚፈልገው፣ ቦርዱን ደግሞ ነቅለህ ሰክተህ ሞክር።

የሱሉልታ ዶሮ
አዎ፣ የስልክ ሞጁሉ (ሲም800ኤል) 0 እና 1 ላይ ነው። ኮዱ የቺፑን ዩአርት (የሲሪያል መገናኛውን) ስለሚጠቀም ሌላ ቦታ አይሆንም። ፕሮግራም ከመጫን ጋር ምን አገናኘው?

ቢሾፍቱ መንገድ
ሁሉንም ያገናኘዋል። የናኖው ቺፕ ኤትሜጋ328ፒ ያለው አንድ ዩአርት ብቻ ነው። ቡትሎደሩ ከላፕቶፑ ጋር የሚነጋገረው በዚያው በ0 እና በ1 ነው። ከሲኤች340 የሚመጣው መስመር ፒን 0 ላይ የሚደርሰው በ1 ኪሎ ኦም በኩል ነው፤ የሞጁሉን ቲኤክስ (የሚልክበትን እግር) ግን በቀጥታ ሽቦ አያይዘኸዋል። ሞጁሉ መስመሩን ከፍ አድርጎ ሲይዘው ላፕቶፑ በ1 ኪሎ ኦም ወደ ታች ሊጎትተው አይችልም። ኤቪአርዱድ የላከው ቺፑ ጋ አይደርስም፣ ስለዚህ መልስ የለም። ቦርዱ አልተቃጠለም።

ማረጋገጥ ከፈለግህ የኤቪአርዱድን መስመር ሰረዝና አራት ትንንሽ ቪ ጨምረህበት አስኪደው፣ ዝርዝሩን ያሳይሃል። 30 እና 20 ሲልክ ታያለህ። 14 እና 10 ከተመለሰ ቡትሎደሩ ሰምቷል። የላከው 30 እና 20 ራሱ ተመልሶ ከመጣ የሆነ ቦታ ቲኤክስና አርኤክስ (መላኪያውና መቀበያው) ተነካክተዋል። ምንም ካልመጣ ወይ መስመሩ ተይዟል፣ ወይ ሪሴቱ አልሠራም።

ስለዚህ፦ ከፒን 0 እና 1 ሁለቱንም ሽቦ ንቀል፣ ሜክ ፍላሽ በል፣ ካለቀ በኋላ መልሰህ ሰካ።

የኮዬ ልጅ
በየጊዜው ከመንቀል በሞጁሉ ቲኤክስና በፒን 0 መካከል 10 ኪሎ ኦም አስገባ። ያኔ ላፕቶፑ ያሸንፋል።

ቢሾፍቱ መንገድ
ሲጫን ልክ ነህ፣ ሲሠራ ግን ይበላሻል። ሲኤች340 ናኖው ላይ ሁልጊዜ ኃይል አለው፣ ዝም ባለበት ጊዜ መስመሩን 5 ቮልት ላይ ይይዛል። ሞጁሉ በ10 ኪሎ ኦም ወደ ዜሮ ቢጎትት ፒን 0 ላይ የሚቀረው 5 ሲባዛ 10 ለ11፣ 4.5 ቮልት ገደማ ነው። ቺፑ ዜሮ ብሎ የሚያነበው ከ1.5 ቮልት በታች ያለውን ነው። የሞጁሉን መልስ ጭራሽ አይሰማም። በሽቦው ላይ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ወይም የሚነቀል ጃምፐር ማድረግ ይሻላል። ከፒን 1 ወደ ሞጁሉ በሚሄደው ላይ ደግሞ ቮልቴጅ የሚያካፍሉ ሁለት ሬዚስተሮች ያስፈልጋሉ፤ ሞጁሉ የሚፈልገው 2.8 ቮልት ነው፣ ናኖው የሚሰጠው 5 ነው።

አያት ኤሌክትሮኒክስ
ሽቦውን ነቅለህም እንቢ ካለ የቦርዱንና የኬብሉን ጤና እንዲህ ለየው። የናኖውን ሪሴት ከግራውንድ ጋር በሽቦ አገናኝ፣ 0ን ከ1 ጋር አገናኝ፣ በማንኛውም የሲሪያል ተርሚናል ፊደል ጻፍ። የጻፍከው ተመልሶ ከታየህ ኬብሉም ሲኤች340ውም ደህና ናቸው። ከዚያ ሽቦዎቹን አንሳና የሪሴት ቁልፉን ተጫን፤ 13 ላይ ያለችው ኤልኢዲ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ካለች ቡትሎደሩ አለ። በራሱ ሪሴት ካላደረገ በዲቲአር (ከሲኤች340 በሚመጣው የሪሴት ምልክት) እና በሪሴት መካከል ያለው 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ተነቅሎ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ቁልፉን ተጭነህ ይዘህ ሜክ ፍላሽ ስትል ልቀቀው።

ሰበታ ማታ
ይቅርታ፣ የኔ ሌላ ነው ግን እዚሁ ልጠይቅ። እኔም ኡቡንቱ 22.04 ነው፣ ናኖውን ስሰካ ቲቲዋይዩኤስቢ0 (ናኖው የሚታይበት ፖርት) ለአፍታ ይመጣና ይጠፋል።

አያት ኤሌክትሮኒክስ
እህቴ፣ እሱ ቢአርኤልቲቲዋይ የሚባለው ነው፣ ለዓይነ ስውራን የብሬል ማሳያ የተሠራ። የሲኤች340ን መለያ ቁጥር የብሬል ማሳያ ይመስለውና ይይዘዋል። ተርሚናሉ ላይ ዲሜሴጅ ብትዪ ስሙን ታገኚዋለሽ። የብሬል ማሳያ ካልተጠቀምሽ በሱዶ አፕት ሪሙቭ አጥፊው፣ ኬብሉን ነቅለሽ ሰኪ። ከዚያ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለ ራስሽን ፖርቱን መክፈት የሚፈቀድለት ዳያልአውት ግሩፕ ውስጥ አስገቢ፣ ከኮምፒውተሩም ወጥተሽ ግቢ፤ ተርሚናሉን ዘግቶ መክፈት ብቻ አይበቃም።

መምህር ሬጅስተር
የሱሉልታው፣ ሰው በሌለበት ሌሊት የሚሠራ ከሆነ ዎችዶግ (ፕሮግራሙ ሲቆም ቺፑን ሪሴት የሚያደርገው) ጨምርበት።

ቢሾፍቱ መንገድ
መምህር፣ በድሮው ቡትሎደር ላይ አይመከርም። ያ ቡትሎደር ሲጀምር ዎችዶጉን አያጠፋም፤ አንዴ ሪሴት ካደረገ እዚያው እየተሽከረከረ ይቀራል፣ ኃይል እስኪቋረጥ አይወጣም። መጀመሪያ በዩኤስቢኤኤስፒ (በቀጥታ ቺፑ ላይ በሚጭነው መሣሪያ) ኦፕቲቡት ይጫን። ዛሬ ማታ ግን ፊውዝ የሚባለውን (የቺፑን መሠረታዊ ቅንብር) ማንም እንዳይነካ፤ የተሳሳተ የክሎክ ፊውዝ ደህናውን ቺፕ የሞተ ያስመስለዋል።

ለገጣፎ እርባታ
ልጄ፣ ተሳካልህ? ቢሳካም ባይሳካም አምፖሉን ሪሌዩ ላይ ኤንሲ (ሪሌዩ ሳይስብ የሚያገናኘው) በሚለው እግር እሰረው፣ ኮዱም አምፖሉን ለማጥፋት ሪሌዩን እንዲስብ አድርገው። ናኖው ኃይል ቢያጣ አምፖሉ በርቶ ይቀራል። አምፖሉን ከቤቱ አንድ ጥግ ብቻ አንጠልጥል፣ የሞቃቸው ወደ ሌላው ጥግ ይሸሻሉ፤ ከሥሩ ተደራርበው ከተኙ በርዷቸዋል፣ ዝቅ አድርገው። ከጉዝጓዙ ጋር እንዳይገናኝ በሰንሰለት ይታሰር፣ በገመዱ ብቻ አይንጠልጠል። ለሞጁሉም ኃይል ከናኖው 5 ቮልት አትስጠው፤ ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ነው የሚፈልገው፣ ሲልክ እስከ 2 አምፔር ይስባል።