ለምሽት ሰርግ ቪዲዮ የትኛው ሌንስ ይሻለኛል? ኤፍ 2.8 ዙም ወይስ ኤፍ 1.4 ፕራይም?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። የሰርግ ቪዲዮ የምቀርጸው በሶኒ አልፋ 6400 ካሜራ ነው። ሌንሱ ከካሜራው ጋር አብሮ የመጣው 16-50 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 3.5-5.6 ነው (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። ቀን ላይ ምንም አያስቸግረኝም፤ ችግሩ የሚጀምረው ማታ ነው። የአዳራሹ መብራት ደብዘዝ ሲልና ሙሽሮቹ ለመጀመሪያው ዳንስ ሲነሱ፣ ካሜራው አይኤስኦውን፣ ማለትም ለብርሃን ያለውን ንቃት፣ እስከ 12800 ያወጣዋል። ጥቁሩ ሱፍ ላይ ነጠብጣብ ይርመሰመሳል፣ የፊት ቆዳ ቀለሙን ያጣል፣ ፎከሱም ወዲህና ወዲያ ይዋልላል። ደንበኞቼ ቅሬታ አላቀረቡም፤ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ይቆጨኛል። ያ ምሽት ተመልሶ አይመጣም።

አሁን መግዛት የምችለው አንድ ሌንስ ብቻ ነው። ታምሮን 17-70 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ዙም አለው፤ መንቀጥቀጥን የሚቀንስ ማረጋጊያም አለው። ሲግማ 30 ሚሊሜትር ኤፍ 1.4 ደግሞ ፕራይም ስለሆነ ዙም አያደርግም፤ ማረጋጊያም የለውም። ካሜራዬ የራሱ ውስጣዊ ማረጋጊያ ስለሌለው ልቤ ወደ ታምሮኑ ያደላል። የምሠራው ብቻዬን ነው። ልምድ ያላችሁ እህታችሁን ምከሩኝ።

አባል ሀ

ልብሽ ወደ ታምሮኑ ያደላው በማረጋጊያው ምክንያት ከሆነ፣ ከመወሰንሽ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። ብዙ ሰው ከፎቶ ወደ ቪዲዮ ሲመጣ ይህን ሳያስተውል ያልፋል።

ፎቶ ስታነሺ ማረጋጊያ በተዘዋዋሪ ብርሃን ይሰጥሻል። እጅሽ ስለማይንቀጠቀጥ ሹተሩን (ምስሉ ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) ከ1/60 ወደ 1/15 ሰከንድ ታዘገዪዋለሽ፤ በዚህ ብቻ አራት እጥፍ ብርሃን ታገኛለሽ። ቪዲዮ ላይ ግን ሹተርሽ የታሰረ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም የምትቀርጪ ከሆነ 1/50 ላይ ነሽ፤ ከዚያ ብዙ ካዘገየሽው የሚደንሱት ሰዎች እጅና እግር ጭራ እያወጣ ይሳባል። ስለዚህ ማረጋጊያው መንቀጥቀጥን ይቀንሳል እንጂ ለቪዲዮሽ ቅንጣት ብርሃን አይጨምርም። ከሌንስ በኩል ብርሃን የምታገኚው ከአፐርቸሩ፣ ማለትም ከሌንሱ ቀዳዳ፣ ብቻ ነው።

ስሌቱንም እዪው። የኤፍ ቁጥር በግማሽ ሲቀንስ የሚገባው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል። ያለሽ ሌንስ 50 ሚሊሜትር ላይ ሲደርስ ከኤፍ 5.6 በላይ መከፈት አይችልም። ኤፍ 2.8 ከዚያ አራት እጥፍ፣ ኤፍ 1.4 ደግሞ አሥራ ስድስት እጥፍ ያስገባል። በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው መብራት፣ አይኤስኦ 12800 የጠየቀሽ ትዕይንት በኤፍ 2.8 ወደ 3200፣ በኤፍ 1.4 ወደ 800 ይወርድልሻል። አይኤስኦ 800 ላይ ያ ካሜራ እጅግ ንጹሕ ምስል ይሰጣል። መንቀጥቀጥን በሞኖፖድም (ባለ አንድ እግር ማቆሚያ) በእጅ አያያዝም መቀነስ ይቻላል፤ ሌንሱ ያላስገባውን ብርሃን ግን ከየትም አታመጪውም። እኔ ሲግማውን እመርጣለሁ።

አባል ለ

ስሌቱ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ጠያቂዋ ብቻዋን እንደምትሠራ ተናግራለች፤ እኔ እዚያ ላይ ነው የምቆመው።

ሥነ ሥርዓቱ እየተካሄደ እንደ ልብ መንቀሳቀስ አይቻልም። ቀለበት ሲለዋወጡ ከሰዎች ጀርባ፣ ከጥግ ቆመሽ ልትቀርጪ ትችያለሽ። በአንቺ ካሜራ ሴንሰር (ብርሃን ተቀባይ) መጠን 30 ሚሊሜትር ማለት ሴንሰሩ ተለቅ ባለ፣ ሙሉ ፍሬም በሚባል ካሜራ 45 ሚሊሜትር እንደማለት ነው። ከአሥር ሜትር ርቀት ብትቀርጪ ወርዱ ስምንት ሜትር የሚጠጋ ቦታ ፍሬሙ ውስጥ ይገባል፤ ሙሽሮቹ መሃል ላይ ሁለት ትንንሽ ሰዎች ሆነው ይቀራሉ። በ70 ሚሊሜትር ግን ከዚያው ቦታ ሳትነቃነቂ ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ይዘሽ ፊታቸውን ታሳያለሽ። እናት እንባዋን ስትጠርግ ሌንስ እየቀየርሽ ከሆነ ያንን የሚተካልሽ ኤፍ 1.4 የለም።

በተጨማሪም ታምሮኑ በሁሉም ርቀት ኤፍ 2.8 ነው። አሁን ያለሽ ሌንስ ዙም ባደረግሽ ቁጥር ምስሉን የሚያጨልመው አፐርቸሩ እየጠበበ ስለሚሄድ ነው። ከዚያ መገላገል ራሱ ትልቅ እፎይታ ነው። አይኤስኦ 3200 ደግሞ የሚያስፈራ አይደለም፤ በቅንብር ጊዜ በመጠኑ ይጸዳል።

አባል ሐ

እህቴ፣ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። እኔ ስለ ፎከሱ ልጨምር፤ የተቸገርሽው በነጠብጣቡ ብቻ ስላልሆነ።

ሰው ኤፍ 1.4 ሲባል ጥርት ብሎ የሚታየው ቦታ እንደ ወረቀት የሳሳ ይመስለዋል። የሚወስኑት ግን የሌንሱ ርዝመትና ለሰው ያለሽ ቅርበትም ጭምር ናቸው። በ30 ሚሊሜትር ኤፍ 1.4 ከሦስት ሜትር ላይ ሁለት የሚደንሱ ሰዎችን ብትቀርጪ፣ ከፊት እስከ ኋላ ግማሽ ሜትር ያህል ጥርት ይልልሻል፤ ለዳንስ ይበቃል። ወደ አንድ ሜትር ተጠግተሽ ቀለበቱን ብትቀርጪ ግን ያ ግማሽ ሜትር ወደ 6 ሴንቲሜትር ይወርዳል። እዚያ ላይ ወደ ኤፍ 2.8 አጥብቢው። አንዳንዶች ሊመክሩሽ የሚችሉት የሲግማ 56 ሚሊሜትር ኤፍ 1.4 ከሁለት ሜትር ላይ 7 ሴንቲሜትር ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ለሚንቀሳቀስ ሰው፣ ብቻሽን ሆነሽ፣ እንደ መጀመሪያ ሌንስ አልመክርሽም።

የፎከሱ መዋለል ግማሹ የብርሃን እጥረት ነው። ካሜራው ፎከስ የሚፈልገው ሴንሰሩ ላይ በሚደርሰው ብርሃን ስለሆነ፣ ሰፊ አፐርቸር ለእሱም ዓይን ይሆነዋል። ግማሹ ግን በቅንጅት ይስተካከላል። ካሜራሽ ላይ ለቪዲዮ የፎከስ ፍጥነትና የክትትል ንቃት የሚባሉ ሁለት ቅንጅቶች አሉ። ማታ ላይ ፍጥነቱን ወደ ዝግተኛ፣ ንቃቱን ወደ ዝቅተኛ አድርጊው፤ በሙሽሮቹ ፊት ሰው ባለፈ ቁጥር ፎከሱ እየዘለለ አይሄድም። ፊት መለየቱም በርቶ ይቆይ።

ሌላው፣ አይኤስኦ ፈርተሽ አጨልመሽ አትቅረጪ። የጨለመውን በቅንብር ጊዜ ማብራት፣ ካሜራው ላይ በትክክለኛው አይኤስኦ ከመቅረጽ የባሰ ነጠብጣብ ያወጣል። በዚሁ ምክንያት ኤስ-ሎግ የሚባለውን፣ ቀለሙ በቅንብር ጊዜ እንዲሠራ ምስሉን አደብዝዞ የሚቀርጸውን ቅንጅትም ለማታ ተዪው። ካሜራው የሚቀዳው በ8 ቢት፣ ማለትም በተወሰኑ የቀለም ደረጃዎች ብቻ፣ ስለሆነ፣ ጨለማ ውስጥ ያ የደበዘዘ ምስል ሲዘረጋ ቆዳው ላይ ቀለሙ ይሰነጣጠቃል።

ስለ ፍሬምም ላንሳ። በ4ኬ (ከፉል ኤችዲ በወርድም በቁመትም ሁለት እጥፍ በሆነው የምስል ጥራት) በሰከንድ 30 ፍሬም ስትቀርጪ ይህ ካሜራ ከሴንሰሩ ዳር ዳር ይቆርጣል፤ በ25 ፍሬም ግን ሙሉ ወርዱን ይጠቀማል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ልዩነቱ ይሰማሻል። የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ 50 ኸርዝ በሆነበት አገር 25 ፍሬምና 1/50 ሹተር የመብራቱንም ብልጭልጭታ ይቀንሱልሻል፤ 60 ኸርዝ ከሆነ 1/60 ይሻላል።

ጠያቂ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ማረጋጊያው ለቪዲዮ ብርሃን እንደማይጨምር እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሁለት ነገር ልጠይቅ። በዙምና በኤፍ 1.4 መካከል የሚያስታርቅ ሌንስ የለም? ስለ ሲግማ 18-35 ኤፍ 1.8 ብዙ ሰምቻለሁ። ሁለተኛ፣ 30 ሚሊሜትሩን ብይዝ መንቀጥቀጡን ምን ላድርገው?

አባል መ

ሲግማ 18-35 ስሙ የገነነው በከንቱ አይደለም። በ2013 ሲወጣ በሁሉም ርቀት ኤፍ 1.8 የሚከፈት የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት ዙም ነበር። ግን የተሠራው ውስጣቸው መስታወት ላላቸው ካሜራዎች ነው፤ ያንቺው መስታወት አልባ ነው። በአንቺ ካሜራ ላይ የሚገጠመው በአስማሚ ነው፤ ክብደቱ 800 ግራም ያህል ነው፤ በአስማሚ በኩል የሚሠራው ፎከስም ለቪዲዮ እንደ ልብ አይታመንም። ብቻሽን ለምትሠሪ ለአንቺ አይሆንም።

አስታራቂው በ2025 የወጣው ሲግማ 17-40 ኤፍ 1.8 ነው። ለመስታወት አልባ ካሜራ የተሠራ ስለሆነ ካንቺው ላይ በቀጥታ ይገጠማል። ከኤፍ 2.8 ጋር ሲነጻጸር ሁለት እጥፍ ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ብርሃን ያስገባል። ማረጋጊያ የለውም፣ ክብደቱም ከግማሽ ኪሎ ይበልጣል፣ እስከ 70 ሚሊሜትርም አይደርስም። አቅምሽ ከፈቀደ ከሁለቱም በፊት እሱን እዪው። ካልፈቀደ አትጨነቂ።

መንቀጥቀጡን በተመለከተ ሞኖፖድ ግዢ፤ ከታች ሦስት ትንንሽ እግሮች ያሉትን። ሰው መሃል ቦታ አይዝም፣ ለንግግርም ለዳንስም ይሆናል። በእጅ ስትይዢ የካሜራውን ማንጠልጠያ አንገትሽ ላይ አድርገሽ ወደ ፊት ወጠር አድርጊው፤ ክርንሽን ከጎድንሽ አጣብቂ፤ የምትራመጂ ከሆነ ጉልበትሽን አጠፍ አድርገሽ ተራመጂ። በ30 ሚሊሜትር ይህ በደንብ ይሠራል፤ በ70 ግን ማረጋጊያም ኖሮ ይከብዳል።

ከሌንሱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን መብራቱ ነው። በጣም በጨለመ አዳራሽ ኤፍ 1.4 እንኳ ፊት ላይ የሌለውን ብርሃን አይፈጥርም። ሙሽሮቹን አስቀድመሽ አስፈቅጂና አንዲት ትንሽ የኤልኢዲ መብራት በማቆሚያ ላይ፣ ከዳንሱ ቦታ በሰያፍ፣ ከሰው ራስ ከፍ አድርገሽ አቁሚ። ካሜራው ላይ አትግጠሚያት፤ ከፊት ለፊት የሚመጣ መብራት ፊቱን ጠፍጣፋ ያደርገዋል፣ እንግዶቹንም ዓይናቸውን ያስጨፍናል። ቀለሟን ወደ 3200 ኬልቪን አሙቂያት፤ ከሻማውና ከአምፖሉ ጋር ትስማማለች። ርቀቱንም አስቢበት፤ መብራቷን ከአራት ሜትር ወደ ሁለት ሜትር ብታቀርቢያት ፊታቸው ላይ የሚያርፈው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል። ከምሽቱ በፊት የአዳራሹን መብራት የሚቆጣጠረውን ሰው አግኝተሽ በዳንሱ ጊዜ ከላይ አንድ መብራት እንዲተውልሽ ጠይቂው። ብዙዎቹ እሺ ይላሉ፤ ጠያቂ ስለማይመጣላቸው ነው የሚያጠፉት።

አባል ለ

ጥያቄውን እንደገና አነበብኩት። ቀን ላይ አትቸገርም፤ የምትቸገረው ከመሸ በኋላ፣ በተለይም በዳንሱ ላይ ነው። እንደዚያ ከሆነ ያለው 16-50 ለሥነ ሥርዓቱ ይቀጥል፣ 30 ሚሊሜትሩ ለምሽቱ ይሁን ብል ይሻላል። ዳንስ ላይ መጠጋት ይቻላል፤ ንግግር ላይም በ4ኬ ቀርጸሽ ሥራውን በፉል ኤችዲ ካስረከብሽ፣ ጥራት ሳይጎዳ ምስሉን እስከ ሁለት እጥፍ ማቅረብ ትችያለሽ። 30 ሚሊሜትሩ 60 ሆነልሽ ማለት ነው። የምሽት ሥነ ሥርዓት ብዙ የምትቀርጪ ከሆነ ግን አሁንም ታምሮኑን እላለሁ።

ለማንኛውም ከመግዛትሽ በፊት በሚቀጥለው ሥራሽ ላይ ያለሽን ሌንስ 30 ላይ አቁመሽ፣ ዙሙን ሳትነኪ ምሽቱን በሙሉ ቅረጪበት። ምስሉ ይጨልማል፤ አንቺ ግን የምትፈትኚው ብርሃኑን ሳይሆን ርቀቱን ነው። የጎደለሽ መቅረብ ነው ወይስ መራቅ? መልሱን ራስሽ ታገኚዋለሽ። የሚያከራይ ካለ ደግሞ ሁለቱንም ለአንድ ምሽት ወስደሽ ጎን ለጎን እያቸው።

ጠያቂ

የምሽት ሥነ ሥርዓት አልፎ አልፎ ነው የሚገጥመኝ፤ ዳንስ ግን ሁልጊዜ አለ። ስለዚህ 30 ሚሊሜትሩን ከሞኖፖድ ጋር ልያዝ ወስኛለሁ፤ ከዚያ በፊት የተባለውን ሙከራ አደርጋለሁ። መብራቱንም ከሚቀጥለው ሥራ ጀምሬ እጠይቃለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ሌንሱን ከጭረት ለመከላከል ፊቱ ላይ መከላከያ ፊልተር ልግጠምበት?

አባል ሀ

ቀን ላይ ግጠሚበት፤ ማታ አውልቂው። ጨለማ ውስጥ ሻማ ወይም የሚያበራ አምፖል ፍሬምሽ ውስጥ ሲገባ፣ ብርሃኑ በፊልተሩና በሌንሱ መካከል ይንጸባረቅና ምስሉ ላይ ሌላ የተገለበጠ ሻማ ይታያል። በቅንብር ጊዜ ማጥፋቱ ከባድ ነው። ለጥበቃ የሌንሱ ኮፍያ ይበቃል፤ ከጎን የሚመጣውንም መብራት ይከልልልሻል።

ኤፍ 1.4ን ቀን ደጅ ላይ ከፍተሽ ልትጠቀሚ ካሰብሽ ደግሞ ብርሃን የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር ያስፈልግሻል፤ ሹተርሽ 1/50 ላይ እንደታሰረ ፀሐይ ላይ ሁሉም ነገር ነጭ ይሆናል። አዳራሹ ውስጥ የሌዘር መብራት ካለም ጨረሩ በቀጥታ ሌንስሽ ውስጥ እንዳይገባ ቦታሽን ቀይሪ፤ ሴንሰር ላይ የማይጠገን ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።