ለአንድ ሴሚስተር ወደ ጀርመን፦ ከሐዋሳ ከመነሳቴ በፊት ምን ላሰናዳ?

የታቦር ልጅ
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሐዋሳ የአራተኛ ዓመት የእጽዋት ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ኢራስመስ ፕላስ በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የተማሪዎች ልውውጥ ፕሮግራም ጀርመን ልሄድ ነው። እናቴ ከአሁኑ በርበሬ እያስፈጨች፣ ቅቤ እያነጠረች ነው፤ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ወረቀቱ ነው። እዚያ የምማረው ስመለስ ባይያዝልኝስ? ያለፋችሁበት ምከሩኝ።

አግሮኖሚስቷ
ወንድሜ፣ ስጋትህ ትክክል ነው። መፍትሔው የትምህርት ስምምነት የሚባለው ሰነድ ነው፤ አንተ፣ የሚልክህና የሚቀበልህ ዩኒቨርሲቲ ሳትፈርሙበት እንዳትሳፈር። የአንድ ሴሚስተር ሙሉ ጭነት 30 የአውሮፓ ክሬዲት (ECTS የሚባለው የኮርስ ክብደት መለኪያ) ነው። እያንዳንዱ ኮርስ እዚህ የትኛውን እንደሚተካ ከትምህርት ክፍል ኃላፊህ ጋር ቁጭ ብለህ በጽሑፍ አስቀምጥ። የቃል እሺታ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል፤ እባክህ አትመነው። እዚያ ደርሰህ ኮርስ ብትቀይርም ሰነዱ ወዲያው ይስተካከል።

የአሞራ ገደሏ
ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። በርበሬውና ሽሮው ይሂድ፤ ቅቤው ግን ይቅር። የአውሮፓ ኅብረት ከእኛ አገር በመንገደኛ ሻንጣ ሥጋም ሆነ የወተት ተዋጽኦ አያስገባም፤ ጉምሩክ ካገኘው ይወርሰዋል። ይልቅ የተፈጨ ኮረሪማ፣ አብሽና እርድ ለየብቻ ትቋጥርልህ። እዚያ ጨው የሌለው ቅቤ ገዝተህ ራስህ ታነጥራለህ። አነጣጠሩን አሁኑኑ አጠገቧ ቆመህ ተማር!

መንገደኛው
ቆይታህ ከ90 ቀን ስለሚበልጥ የምትጠይቀው የሼንገን የአጭር ጊዜ ቪዛ ሳይሆን የጀርመንን ብሔራዊ ቪዛ ነው፤ ቀጠሮውን ቀድመህ ያዝ። የልደት ቀንህ በእኛና በአውሮፓ አቆጣጠር በሁሉም ሰነድ ላይ መግጠሙንም ዛሬውኑ አረጋግጥ።