ኮሎኔል መንግሥቱን መድረክ ላይ እናውጣው ወይስ ይቅር?

አራዳው፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ፒያሳ አካባቢ የምንለማመድ ትንሽ የቴአትር ቡድን ነን። ድራማችን 1969 ላይ፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ አንድ ቀበሌ ውስጥ የሚካሄድ ነው። ሌላው ሁሉ ጥሩ እየሄደ ነበር፣ የደርጉ መሪ ኮሎኔል መንግሥቱ በአካል ይውጣ አይውጣ በሚለው ግን ቡድኑ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ "በሚያዝያ አብዮት አደባባይ ላይ ደም መሳይ ነገር የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሲከሰክስ ካላሳየን ሰው ምን ሊያይ ይመጣል?" ይላል። እኔ እሱ ከወጣ ሌላው ሁሉ ይዋጣል ባይ ነኝ። ደግሞም ደርግን በኅቡዕ የሚታገለውን የኢሕአፓ ፓርቲ ልጅ ንጹሕ ሰማዕት ካደረግነው አንዱ ያኮርፋል፣ ሽጉጥ ካስያዝነው ሌላው። ምን ትላላችሁ?

መጋረጃ ሳቢ፦
አታውጡት ባክህ። ጠርሙሱን ሲወረውር ሰው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፣ ማታ ቲክቶክ ላይ ይለቀዋል፣ አለቀ። ከዚያ ሁሉም "ሰውዬው እብድ ነበር" ብሎ በሰላም ቤቱ ይገባል። በአንድ ሰው እብደት ያ ሁሉ ሬሳ አስፋልት ላይ አይሰጣም እኮ! ስም ዝርዝሩን ያዘጋጀ የቀበሌ ጸሐፊ አለ፣ በሌሊት በር ያንኳኳ አብዮት ጠባቂ አለ፣ "እዚያ ቤት ማታ ማታ ልጆች ይሰበሰባሉ" ብሎ የጠቆመ ጎረቤት አለ። እኔ ብሆን ሙሉውን ድራማ አንድ የቀበሌ ጠረጴዛ ዙሪያ ነበር የምሠራው። ማኅተም፣ መዝገብ፣ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው። እናትየዋ ልጇን ልትጠይቅ ትገባለች። ሰውዬው ቀና ሳይል "አብዮታዊ እርምጃ ተወስዶበታል" ይላትና ማኅተሙን መትቶ "ቀጣይ!" ይላል። በቃ።

ጡረተኛው የካዛንቺስ፦
ልጆች፣ ጥሩ ነው፤ ግን ቀበሌው ከየት እንደመጣም አሳዩ። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ነው የመጣው። የቤት ኪራይ ቀነሰ፣ ድሃው እልል አለ። ከዚያ በፊት የካቲት 25 የገጠሩ መሬት ለአራሹ እንዲሆን ታውጆ ተማሪው ራሱ ደስታውን ሊገልጽ አደባባይ ወጥቷል። ያንን ደስታ ከዘለላችሁት ሰው ለምን እንደተከተላቸው ማንም አይገባውም። የቀበሌውን ሊቀመንበር ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ ጥርሱን የሚያፋጭ ጭራቅ አታድርጉት።

የልጁን ሽጉጥም አትደብቁት። ኢሕአፓ የቀበሌ ሹሞችንና ያኔ ከደርግ ጋር ይሠራ የነበረውን የሌላውን የግራ ፓርቲ፣ የመኢሶንን ሰዎች ገድሏል። ነገር ግን ለሚዛን ብላችሁ እኩል እኩል አታድርጓቸው፣ ይሄ ነው የሚያናድደኝ። አንዱ በኅቡዕ የሚሠራ ድርጅት ነው፣ ሌላው ጦሩም ሬዲዮውም እስር ቤቱም በእጁ የሆነ መንግሥት ነው። መኢሶንን እንደ ደርግ ጥላ ብቻ አትሳሉት። "ሒሳዊ ድጋፍ" ሲል ቆይቶ በነሐሴ 1969 ኅቡዕ ሲገባ እሱም መታደን ጀመረ።

ቤልቦተም፦
ሴቶቹስ? በየድራማው ሴት ማለት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን የምትመታ እናት ናት። እንደዚያ ማልቀስ መቼ ተፈቀደና! "ለፀረ አብዮተኛ አይለቀስም" ተብሎ የስንቱ ቤት ለቅሶ ታፍኖ ቀርቷል፣ ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቀም አለ። ስለዚህ እናትየዋ ድምፅ አውጥታ ካለቀሰች ታሪኩንም ድራማውንም ገደላችሁት። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ጎራ በሉና ፎቶዎቹን እዩ። ከወንዶቹ መሀል ወጣት ሴቶች አሉ። ወረቀት የበተነችውን፣ ተይዛ ወፌ ላላ የተገረፈችውን ልጅ ጻፉልን፤ የሰው እህት ወይም ፍቅረኛ ብቻ ሆና አትቅር።

የለገሃሩ፦
እኔ ከሁላችሁም እለያለሁ። ይውጣ! ሰውየው ግንቦት 1983 ዚምባብዌ ገብቶ በዚያው ቀረ። በ1999 ፍርድ ቤት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ሲለው አልነበረም፣ በ2000 ሞት ሲፈረድበትም አልነበረም። አሁን እናንተም በሌለበት ልታቀርቡት ነው? ጎረቤት ጠቋሚ ነበር፣ እውነት ነው። ግን "ሁላችንም አጥፍተናል" ማለት ሲበዛ ትእዛዝ የሰጠው ሰው ነጻ ይወጣል።

አራዳው፦
የለገሃሩ፣ ይቺ ነገርህ ከበደችኝ፣ ለቡድኑም አነብላቸዋለሁ። ጋሼ፣ የትርፍ ቤቱን ነገር መጀመሪያው ትዕይንት ላይ አስገባዋለሁ፣ ሊቀመንበሩ ራሱ ቤት ሲደርሰው ይታያል። ቤልቦተም፣ ወረቀት በታኟ ልጅ አለች፣ ግን አምስት መስመር ብቻ ነው ያላት፤ ይጨመርላታል። መንግሥቱን ለጊዜው በሬዲዮ ብቻ እንሞክረው ብለናል።

መጋረጃ ሳቢ፦
በሬዲዮ ከሆነ ተዋናይ አታስመስሉት፣ ሰው ይስቃል። የራሱን የተቀዳ ድምፅ ፈልጉ። ንግግሩ እየጋለ ሲሄድ ሊቀመንበሩ እጁን ዘርግቶ ድምፁን ይቀንስና "እሺ፣ ቀጣይ" ይበል። የለገሃሩም ቅር አይለውም መሰለኝ፣ ትእዛዙ ከየት እንደመጣ ይሰማላ። አሮጌ ሬዲዮ ካጣችሁ መርካቶ ሚናለሽ ተራ ፈልጉ፣ ባይሠራም ችግር የለውም።

የለገሃሩ፦
ቅር ይለኛል። ግን መጥቼ አያለሁ። መቼ ነው የምታሳዩት?