ካሴትን በእስክሪብቶ ማጠንጠን

ጥያቄ፦
በ1980ዎቹ ልጅ የነበራችሁ እንደምታስታውሱት፣ ቴፑ በድንጋይ በሚሠራበት ቤት ሁሉ፣ ድንጋዩ ቶሎ እንዳያልቅ ካሴቱን የምናጠነጥነው በቢክ እስክሪብቶ ነበር። እስክሪብቶው በካሴቱ ቀዳዳ እንደዚያ ልክክ ብሎ የሚገባው ታስቦበት ነው ወይስ በአጋጣሚ?

ምላሽ፦
ወንድሜ፣ ሁለቱ ዕቃዎች አንዱ ለሌላው ታስቦ የተሠሩ አይደሉም፤ ባለ ስድስት ጎኑ ቢክ በፈረንሳይ ለገበያ የቀረበው በ1950 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የፊሊፕስ ኩባንያ ካሴትን ያስተዋወቀው ከ13 ዓመት በኋላ ነው። የካሴቱ ጥርሶችም ስድስት በመሆናቸው የእስክሪብቶው ማዕዘኖች በመካከላቸው ይያዛሉ፤ ድቡልቡል እስክሪብቶ ግን ይንሸራተታል።

ምላሽ፦
ድንጋይ ከተነሣ፣ የደከመውን ፀሐይ ላይ ማስጣታችንም ከንቱ አልነበረም፤ ሙቀቱ በውስጡ የሚካሄደውን ኬሚካላዊ ሂደት ስለሚያፋጥነው ለጥቂት ጊዜ ያገለግል ነበር።

ምላሽ፦
ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ባዶ ካሴት ነው፤ ምክንያቱም ውጭ አገር ላሉ ዘመዶች ደብዳቤ በመጻፍ ፈንታ አያቶቻችን ድምፃቸውን ቀድተው ይልኩ ነበር። እንዳይጠፋ የተፈለገ ካሴት በጠርዙ ያሉት ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ይሰበሩለታል፤ እንደገና ለመቅዳት ሲፈለግ ደግሞ ቀዳዳው በፕላስተር ይሸፈናል። በዚህ መንገድ ስንት የሽማግሌ ምርቃት በዘፈን ተተክቶ እንደጠፋ ሳስብ ከልብ አዝናለሁ። የቀረው ክር በዕድሜ ብዛት ድምፁ እየደከመ ስለሚሄድ፣ እንዲህ ያለ ካሴት ያላችሁ ሁሉ ሳትዘገዩ ወደ ኮምፒውተር እንድትገለብጡት አጥብቄ እለምናችኋለሁ።