ያዘነች ጓደኛዬን ያለ ቃል እንዴት ላጽናናት?

የቅርብ ጓደኛዬ እናቷን በሞት አጥታ፣ የአርባው ተዝካር አልፎ ለቀስተኛው ከተበተነ ወዲህ ከቤት አትወጣም። ምግብ ይዤላት ስሄድ ታመሰግነኛለች፤ “በርቺ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ” ስላት ግን ፊቷን ታዞራለች፤ በእግር እንንሸራሸር ብዬ ብለምናትም ፈቃደኛ አይደለችም። ውሻዋ መጥቶ እግሯ ሥር ሲተኛ ግን ጭንቅላቱን እየዳበሰች ስለ እናቷ ማውራት ትጀምራለች። በለንደኑ ጎልድስሚዝስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ18 ውሾች ላይ ተካሂዶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም፣ ውሾች ከሚያወራ ወይም ከሚያንጎራጉር ሰው ይልቅ የሚያለቅሰውን፣ ባዳ ቢሆንም እንኳ፣ አዘውትረው እንደሚቀርቡ አሳይቷል። ከምክር ይልቅ እንዲህ ያለው መቅረብ እንደሚያስፈልጋት አምናለሁ፤ የሚያስጨንቀኝ የሰው ዝምታ እንደ ኩርፊያ ወይም እንደ መሰልቸት ሊታይ መቻሉ ነው። ተመሳሳይ ሐዘን የደረሰባችሁ፣ አጠገባችሁ የተቀመጠው ወዳጅ ዝምታው ሳይከብዳችሁ አብሮነቱ እንዲሰማችሁ ያደረገው ምን በማድረግ ነበር?